የጸደንያ ደም በፀሐይ ብርሃን

ልጄን ጸደንያን መጀመሪያ ያንዘፈዘፋት ጠዋት ላይ ነው። የሀርጌሳ አየር ማረፊያው ውጊያ ወደ ሰፈራችን ከተጠጋ ሰንብቷል። ሻይ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ። ጥርሷ ገጠመ፤ እጅና እግሯ እንደ ታረደች ዶሮ ይንፈራገጥ ጀመር። አፏን ለማስከፈት ስታገል ጣቴን ነከሰችው። ደሙ የእኔ ይሁን የእሷ ሳላውቅ በአገጯ ላይ ወረደ።

ጎረቤቴ አስሊ ጩኸቴን ሰምታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። አስሊ ጅግጅጋ ያደገች ሶማሊ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

"ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?"

"ከብርካው ከተመለስን ወዲህ ነው። መጣ ሄድ ይላል። ዛሬ ግን፣ አስሊዬ፣ ዓይኗ ተከፍቶም አታየኝም።"

ብርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። ውጊያው ሲጀመር ከአስሊ ዘመዶች ጋር ወደ ቆላ ወርደን አንድ ብርካ አጠገብ ሰነበትን። ሲመሽ ትንኙ ፊታችንን ያለብሰው ነበር። ውሃው ሲያልቅ፣ በጥም ከመሞት ጥይቱ ይሻላል ተባብለን ወደ ሀርጌሳ ተመለስን። ባለቤቴ ፈጠነ ግንበኛ ነው። ለሥራ ቦረማ ሄዶ መንገድ ስለተዘጋበት፣ ከአስሊ ሌላ የምማከረው ሰው አልነበረኝም።

"ሼኽ ይቅራባት" አለች አስሊ መጀመሪያ። ልጅቷ ደግማ ስትንዘፈዘፍ ግን ሐሳቧን ለወጠች። "ሼኹ ይቆዩ። አባዮ፣ ተነሺ፣ ክሊኒክ እንውሰዳት።" አባዮ ስትል እህቴ ማለቷ ነው።

ፈጠነ ሲሚንቶ የሚገፋበት የእጅ ጋሪ ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት። የወትሮው መንገድ ስለታጠረ በዋሄን ገበያ በኩል ሄድን። ሰው የሚጋፋበት ቦታ ጭር ብሏል፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል። መሐል መንገድ ላይ አንድ ተሸካሚ በግንባሩ ተደፍቷል። ሸክሙ ጀርባው ላይ እንደታሰረ ነው። ከተቀደደው ጆንያ ሩዝ እየፈሰሰ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፤ አንዲት ሴት ከጎኑ ተንበርክካ ደም ያልነካውን ሩዝ ትለቅማለች።

"አትዪ" አለችኝ አስሊ። "ግፊ ብቻ።"

ወዲያው ከኋላችን ሞርታር ወደቀ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ነጥሮ መታኝ፤ የቆርቆሮ ስብርባሪ በራሳችን ላይ ዘነበ። ዞር ስል ሴትዮዋም ሩዙም የሉም፤ አቧራ ብቻ ነው። ጋሪውን ይዘን ሮጥን። ጸደንያን ያ ሁሉ ፍንዳታ አላስደነገጣትም። ከፍንዳታው ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ክሊኒኩ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ሐኪሙ ሸሽቷል። የቀሩት ነርሷ ዴቃና የላቦራቶሪው ሰው ሳማታር ናቸው። ዴቃ ቀጭን ወጣት ሴት ናት፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ደም ነክቶታል። የጸደንያን ጆሮ ቆነጠጠች፤ ልጄ ዝም አለች። አንገቷን አጠፍ አድርጋ ሞከረች። የዓይኗን ቆብ ገለጠች።

"ከሁለት አንዱ ነው" አለች። "ወይ ማጅራት ገትር ነው፣ ወይ ደግሞ ጭንቅላቷን የያዘ ወባ ነው። ልጅ ላይ ሁለቱም እንዲህ ያደርጋሉ። እኔ በዓይኔ አልለየውም፤ ደሟ ይመርመር።"

"የሁለቱንም መድኃኒት ይስጧታ፣ ሲስተር!"

"ኩዊኒኑ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ነው። ባለፈው ሳምንት በግምት ለአንድ ልጅ ሰጠሁ፤ ማጅራት ገትር ነበረውና ሞተ። እሱ እንደሞተ ወባ የያዘው ሌላ ልጅ መጣ። ባዶ እጄን ቆሜ እሱም ሲሞት አየሁት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሁን ያለችኝን ከስንት ልመና በኋላ ነው ያገኘኋት። ደሟ ውስጥ ወባ አለ እስክባል አልከፍታትም። አትቀየሚኝ።"

"ካልተመረመረችስ?"

ዴቃ ለጸደንያ ግሉኮስ እየተከለች ነበር። "እንዲህ እየተንዘፈዘፈች እስኪመሽ የምትቆይ አይመስለኝም" አለች።

አስሊን ከልጄ ጋር ትቼ ወደ ሳማታር ሮጥኩ። ሳማታር ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አንቱታ አያውቅም።

"ስምሽ ማነው?"

"ሸዋርካብሽ።"

"ይሄ ስም ነው አድራሻ? ሸዋዬ እልሻለሁ። ነይ፣ ልጅሽ ጋ ውሰጅኝ።"

የጸደንያን ጣት በመርፌ ሲወጋው እጇን እንኳ አልሰበሰበችም። ወትሮ እሾህ ሲነካት ሰፈር የምትቀሰቅስ ልጅ ናት። አንዲት ጠብታ በቀጭን መስታወት ላይ አሳረፈ፤ በሌላ መስታወት ጫፍ እያዞረ እንደ ሳንቲም አሰፋት።

"እስኪደርቅ ዝንቡን እሺ በይልኝ" አለኝ ወደ ላቦራቶሪው ስንመለስ። "ዝንብ ደሙን ይልሰዋል። ስንት ምርመራ ዝንብ በልቶብኛል።"

በሻሼ ጫፍ እያራገብኩ ከመስታወቱ በላይ አጎነበስኩ። ሳማታር ማይክሮስኮፑን ከሣጥኑ አወጣ። መብራት የለም። የጄኔሬተሩን ናፍጣ ግቢውን የያዙት ታጣቂዎች ለመኪናቸው ቀድተውታል። ማይክሮስኮፑ ግን ከሥሩ ክብ መስተዋት አለው፤ መስተዋቱ ፀሐይ ከያዘ ያለ መብራትም ይሠራል።

"ውጭ ነው የማየው" አለ። "ግን ፀሐይዋ ከዚያ ጣሪያ ጀርባ ሳትገባ መጨረስ አለብኝ።"

"ግቢው ላይ ይተኮሳል እኮ!"

"አላህ ፀሐይን ቤት ውስጥ አላስቀመጣት፣ ምን ላድርግ?"

ደሙ ሲደርቅ ከመደርደሪያው ሐምራዊ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አወረደ። የወባው ተውሳክ ቀለም ካልጠጣ ዓይን አይገባም አለኝ። ክዳኑን ሊከፍት ሲል የግቢው በር በመኪና ተገጭቶ ወደቀ።

ግቢውን ከያዙት ታጣቂዎች አንዱ፣ ዓብዲቃኒ የሚባለው፣ ወንድሙን አዋሌን በብብቱ ይዞ እየጎተተ ገባ። የአዋሌ ጭን በጥይት ተተርትሯል፤ ደሙ በኮሪደሩ መስመር ሠራ። ዓብዲቃኒ በላቦራቶሪው በር ሲያልፍ የሳማታርን እጅ አየ። ወንድሙን መሬት ላይ ለቀቀው።

"ይኸውላችሁ!" አለ። "መድኃኒት የለም ትላላችሁ፣ ጂቪውን በጠርሙስ ሙሉ ደብቃችሁ!"

በዚያ ከተማ ከልጅ ጉልበት እስከ ግመል ጀርባ ድረስ ቁስል ሁሉ ጂቪ ይቀባል። ጂቪ ደግሞ ሐምራዊ ነው።

"ጂቪ አይደለም" አለ ሳማታር። "የደም መመርመሪያ ቀለም ነው። ቁስል ላይ አይደረግም።"

"ሐምራዊ ነው።"

"ሐምራዊ ሁሉ ጂቪ ነው እንዴ? ሚስትህ ሐምራዊ ቀሚስ ብትለብስ ቁስልህን ትጠርግባታለህ?"

ዓብዲቃኒ በክላሹ ሰደፍ አፉን መታው። የጥርሱ መሰበር ተሰማኝ። ጠርሙሱን ነጥቆ ከፈተና ወንድሙ ጭን ላይ ያንቆረቁረው ጀመር። አዋሌ እንደ በሬ አጓራ።

ምን እንዳደረግሁ በኋላ ነው የገባኝ። ክንዱ ላይ ተንጠልጥዬ አንጓውን በጥርሴ ይዤዋለሁ። የላቡና የባሩዱ ጣዕም አፌን ሞላው። "የልጄ ነው! የልጄ ነው!" እላለሁ ሥጋውን ሳልለቅ። በጉልበቱ ሆዴን መታኝ፤ ስወድቅ በሰደፉ ትከሻዬን ደገመኝ። ጠርሙሱን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ሰበረው።

"አንቺ ሐበሻ፣ ደግመሽ ብትነኪኝ አንጎልሽን አፈስሰዋለሁ!"

"ዓብዲቃኒ" አለ አዋሌ ከመሬት፣ እያቃሰተ። ጭኑ እስከ ጉልበቱ ሐምራዊ ሆኗል። "ልታድነኝ ነው ወይስ ለሰርጌ ልትቀባኝ? ነደድኩ እኮ!"

"ዝም በል። የሚያድን መድኃኒት ያቃጥላል።"

ዴቃ ሮጣ መጥታ አዋሌን ወደ በረንዳው አስጎተተችው፤ ጭኑን ከቁስሉ በላይ ጠፍራ ታስር ጀመር። እኔ በአራት እግሬ ወደ ግድግዳው ዳኽኩ። የጠርሙሱ ቂጥ አልተሰበረም፤ እንደ ሲኒ ተቀምጧል። ውስጡ ጥቂት ሐምራዊ ፈሳሽ ቀርቷል። አንስቼ ስይዘው ጠርዙ መዳፌን ተለተለው።

"ደምሽን እንዳታንጠባጥቢበት!" ጮኸብኝ ሳማታር። አፉ በደም ተሞልቶ ቃሉ አይጠራም። "የሁለት ሰው ደም አንድ ላይ ማንበብ አልችልም! ቀስ... ቀስ አርገሽ አምጪው።"

እጄን አዘንብዬ ደሜን በክርኔ በኩል እያፈሰስኩ አመጣሁለት። በጠብታ መሳቢያ መጠጠው። "ይበቃል" አለ፣ የተሰበረ ጥርሱን እየተፋ። "ደግነቱ ውሃ የሚጨመርበት ነው።" ውሃ ጨምሮ በመስታወቱ ላይ አፈሰሰውና ቀለሙን እስኪጠጣ ቆምን። ከዚያኛው ክፍል የአልጋው ብረት ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ ጸደንያን እንደገና ያንዘፈዝፋታል። አስሊ በአረብኛ ትጸልያለች። እኔም ወላዲተ አምላክን ጠራሁ። ፀሐይዋ ግቢውን ለቃ ግድግዳው ሥር ልትቀር ትንሽ ነው የቀራት።

ሳማታር መስታወቱን አጠበ፤ በርጩማና ማይክሮስኮፑን ይዘን ወጣን። ከግቢው ፊት ለፊት ኮረብታው አለ፤ እዚያ ያሉት የዓብዲቃኒ ጠላቶች ናቸው። ሳማታር መስተዋቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞር አንዲት የብርሃን ነጠብጣብ ግድግዳው ላይ ሮጠች፤ ጣሪያው ላይ ወጥታ ወረደች።

"ይሄ ከኮረብታው ይታያል" አለኝ። "አንሶላ አምጥተሽ በዚያ በኩል ዘርጊልኝ። ፀሐይዋን ግን እንዳትከልዪ።"

አንሶላውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ጀርባዬን ለኮረብታው ሰጠሁ። አንሶላ ጥይት እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ብልጭታውን እንዲሸፍን ነው። ሳማታር ከከንፈሩ ሥር ፋሻ ወትፎ አጎነበሰ።

"አለ?"

"ዝም በይ።"

"ምን ታያለህ?"

"ሸዋዬ፣ ካወራሽኝ ልጅሽን ሳይሆን አንቺን ነው የማየው።"

መትረየሱ የጀመረው ያኔ ነው። የመጀመሪያዋ ብልጭታ ታይታ ኖሯል። የግቢው ግንብ ጫፍ ተፈረካከሰ፤ ድንጋይ ጀርባዬን ጠበሰኝ። እጄን አላወረድኩም፤ ሳማታርም ቀና አላለም። ዓብዲቃኒ ከበረንዳው ዘሎ ጎንበስ እያለ መጣ፤ የክላሹን አፈሙዝ ሳማታር ጆሮ ላይ አደረገ።

"ለማን ነው የምታብለጨልጨው? ለእነሱ ምልክት ትሰጣለህ?"

"ደም እያየሁ ነው።"

"ደም ለማየት ይሄ ሁሉ መሣሪያ? ዙሪያህን እይ! ከተማው ሁሉ ደም ነው!"

"ልጄ ታማብኝ ነው፣ ወንድሜ" አልኩት በሶማሊኛ። "በእናትህ! ደሟ ውስጥ በሽታ እየፈለገላት ነው። ተወው፣ ይጨርስ።"

"አንቺስ በአንሶላ ምን ትደብቂያለሽ?" አንሶላውን ከእጄ ነጥቆ ጣለው።

ሳማታር ቀና አለ። የሚያስቅ ነገር ያየ ይመስል የተሰበረ አፉን ከፈተ። "እሺ፣ ና እየው ራስህ። ሰላይ ከሆንኩ ያኔ ግደለኝ። አንድ ዓይንህን ጨፍን።"

ዓብዲቃኒ ተጠራጠረ። ከዚያ ክላሹን ወደ ጀርባው አዙሮ ጎንበስ አለ። "ምንም የለም" አለ። "ጭጋግ ነው።... ቆይ። ነጠብጣብ አለ። ሐምራዊ ነጠብጣ..."

ጥይቱ በአንገቱ በስተኋላ ገብቶ በጉሮሮው ወጣ። ድምፁን የሰማሁት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። በርጩማው፣ ማይክሮስኮፑና ሳማታር ከሥሩ ሆኑ። ደሙ እንደ ተበሳ ቧንቧ ፊቴንና ደረቴን መታኝ፤ ሞቃት ነበር። እግሩ መሬቱን እየጫረ ጥቂት ቆየና ቀጥ አለ።

"መስታወቱ!" አለ ሳማታር ከሬሳው ሥር። "ሸዋዬ፣ መስታወቱን ፈልጊ!"

የዓብዲቃኒን ትከሻ ገፍቼ ከሥሩ አፈሩን ዳበስኩ። ለሁለት ተሰብሯል። የደሙ ክብ ያለበትን ስባሪ በጥፍሬ አነሳሁት። ሳማታር ሻሼን ከራሴ ላይ ስቦ የማይክሮስኮፑን ዓይን ከዓብዲቃኒ ደም ጠረገው። ፀሐይዋ ከግድግዳው ሥር አንዲት ክንድ ብቻ ቀርታለች። እዚያ በደረቱ ተኛ፤ ማይክሮስኮፑን መሬት ላይ አቆመ፤ ስባሪውን በጣቱ ይዞ አየ። አንሶላውን አንስቼ እንደገና ዘረጋሁት። ጥይት በአንሶላው መሐል አለፈ፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ።

"በማርያም" እላለሁ። "በማርያም፣ በማርያም።"

"አለ" አለ ሳማታር።

"ምኑ?"

"ወባው! ሞልቷል! ቀለበት ቀለበት ሆኖ ሞልቷል! ሩጪ፣ ለዴቃ ንገሪያት!"

ቀና ሲል ተተኮሰ። ይህኛው ከኮረብታው አልነበረም። አዋሌ ወንድሙ ሲወድቅ አይቷል። በረንዳው ላይ በሐምራዊው ጭኑ ተቀምጦ ክላሹን በሁለት እጁ ይዟል፤ እንባው በጺሙ ይወርዳል። "ወንድሜን አስበላችሁት! አጎንብስ ብለህ አስበላኸው!" ይላል፤ ይተኩሳል። ሳማታር ደረቱን ይዞ በጀርባው ወደቀ። ሌላዋ ጥይት በጆሮዬ ሥር አፏጨች።

ወደ ልጄ የሚወስደው በር ከሳማታር ወዲያ ነው። ስዘለው ቀሚሴን ያዘ። እንድረዳው ይሁን እንድፈጥን አላወቅሁም። ቀሚሴን ከእጁ መንጭቄ ሮጥኩ።

ተኩሱ ሲጀመር ከበረንዳው ሸሽታ የገባችው ዴቃ ከአስሊ ጋር በሰውነታቸው ጸደንያን ከልለው መሬት ላይ ተኝተዋል። የግሉኮሱን ጠርሙስ አስሊ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

"ወባ ነው!" አልኩ።

"ማን አለ?"

"ሳማታር። ሞልቷል አለ። ቀለበት ነው አለ።"

"እሱስ የታለ?"

ዴቃ ቀሚሴን አየች፤ ፊቴን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ከጡት መያዣዋ ውስጥ የኩዊኒኑን ብልቃጥ አወጣች። በላብ የራሰ ጣቷ እየሟለጨ አንገቱን ልትሰብር አልቻለችም። "ያዢልኝ" አለችኝ። በደማሁት መዳፌ እጇን ደግፌ ያዝኩላት፤ ሰበረችው። በመርፌ መጥጣ ግሉኮሱ ውስጥ ጨመረችው።

ውጭ ተኩሱ ቆመ። አስሊ በመስኮቱ ጥግ አሾልካ አየች። "ያ ውሻ ወድቋል። የታሰረው ተፈትቶ ደሙ እየፈሰሰ ነው። ይሙት!"

"ጓደኞቹ ሲመጡ ሞቶ ካገኙት ማናችንም አንተርፍም" አለች ዴቃ። ፋሻ አንስታ ወጣች። በሳማታር በኩል ስታልፍ ጎንበስ ብላ አንገቱን በሁለት ጣቷ ነካችው። ጣቷን አነሳች። ከዚያ ወደ ገዳዩ ሄዳ ጭኑን በጉልበቷ ተጭና አሰረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።

ሲመሻሽ ታጣቂዎች መጥተው ሙቱንም ቁስለኛውንም በመኪና ወሰዱ። አዋሌ ራሱን አያውቅም ነበር። እኛን ማንም ምንም አልጠየቀን። ሳማታርን አስሊ በሻርፗ ሸፈነችው። እኔ ከልጄ አልጋ አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈች፤ ከዚያ ቆየች፤ ደግሞ ጥቂት ተንዘፈዘፈች። በየመሐሉ እጄን አፍንጫዋ ሥር እያደረግሁ ትንፋሽዋን እጠብቃለሁ።

በነጋታው የሰፈሩ ወንዶች ሳማታርን ለመቅበር ቃሬዛ ይዘው መጡ። ዴቃ ግቢው ውስጥ ከእነሱ ጋር ቆማ ነበር። የጸደንያ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ቢዮ" አለች። ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት የምትናገረው ቋንቋ ነው፤ ውሃ ማለቷ ነው።

"ሲስተር!" ብዬ ጮኽኩ። "ሲስተር፣ ውሃ አለች!"

ዴቃ ሮጣ ገባች። የጸደንያን የዓይን ቆብ ገለጠች። ጆሮዋን ቆነጠጠችው። ልጄ ፊቷን አጨማዳ የዴቃን እጅ ገፋች፤ "ተዪኝ!" አለች። አስሊ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መሬት ተንሸራተተች፤ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች።

"በትንሽ በትንሹ አጠጫት" አለች ዴቃ። ተጨማሪ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፍታ ነበር። ከግቢው ወንዶቹ ጠሯት። በመዳፏ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

ውሃውን በጠርሙስ ክዳን እየቀዳሁ በከንፈሯ ላይ አፈሰስኩ። ውጭ ቃሬዛውን ሲያነሱ የወንዶቹ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በሩ ይነካዋል" ይላል። ጸደንያ ዋጠች። ክዳኑን ሞልቼ እንደገና ሰጠኋት።